«ካገባት ክሱ ይቀራል ወይ?» ስለ ጠለፋ ከጎጃም ለጠየቁን መምህር

ጥያቄው የመጣው በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ከሚያስተምሩ አንድ መምህር ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ሰባተኛ ክፍል የማስተምራት የ15 ዓመት ልጅ ቅዳሜ ከገበያ ስትመለስ ተጠለፈች። ቤተሰቧ መጀመሪያ አመልክተው ነበር። አሁን ግን ሽማግሌ ገብቶ ታርቀዋል። ካሳውም ጥሎሹም ተቆርጧል፤ ሰርጉም ቀን ወጥቶለታል። ፖሊስ ጋ ሄጄ ብጠይቅ ‹ከታረቁ እኛ ምን እናድርግ› አሉኝ። የቀበሌው ሰው ‹ካገባት ሕጉም ይተወዋል› ይላል። ሌላው ደግሞ ‹ያ ሕግ አንዲት ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ተቀይሯል› ይላል። እውነቱ የቱ ነው? በአንድ ወንጀል ምክንያት ሕግ ይቀየራል? እኔስ ዘመዷ ሳልሆን ምን ማድረግ እችላለሁ?»

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ቁርጡን አስቀድሜ ልንገርዎ። አይቀርም። ቢያገባትም፣ ቤተሰብ ቢታረቅም፣ ጥሎሽ ቢቆጠርም ክሱ አይቀርም። አሁን የምንሠራበት የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ይህን በማያሻማ መንገድ ጽፎታል። ሴትን ለማግባት ብሎ በኃይል፣ በማስፈራራት ወይም በማታለል የጠለፈ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። መድፈር ከተጨመረበት በመድፈሩም ይቀጣል። ያው አንቀጽ ቀጥሎ ከጠለፋ በኋላ የሚፈጸም ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት እንደማያድነው ይናገራል። ልጅቷ ደግሞ ገና 15 ዓመቷ ነው። በዚህ የተነሳ ሌሎች አንቀጾችም ይመጣሉ፤ ዝቅ ብዬ እመለስባቸዋለሁ።

የቀበሌዎ ሰው ግን ከመሬት ተነስቶ አላወራም። የሚሉት ነገር በአንድ ዘመን እውነት ነበር።

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዣን ግራቨን በሚባሉ የስዊዘርላንድ የሕግ ሊቅ የተረቀቀ ነው። ለጊዜው ዘመናዊ የሚባል ሕግ ነበር። ጠለፋን በአንቀጽ 558 ወንጀል አድርጎታል፤ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ግን ወዲያው በር ከፈተለት። የተጠለፈችው ሴት በፈቃዷ ከጠላፊዋ ጋር የጸና ጋብቻ ከፈጸመች ክስ አይቀርብም አለ። በመድፈርም ላይ አንቀጽ 599 ይህንኑ ይደግመዋል። እንዲያውም ሰውዬው ተፈርዶበት እስር ቤት ከገባ በኋላ ቢያገባት እንኳ ቅጣቱ እዚያው ይቆማል ይል ነበር።

እስቲ ይህን በእኛ አገር ኑሮ ውስጥ ያስቡት። ልጅቷ ከወንዝ ወይም ከገበያ መንገድ ተይዛለች። ጠላፊው ዘመድ ቤት ደብቋታል። እዚያው ተደፍራለች። ከጥቂት ቀን በኋላ ሽማግሌ አባቷ ደጅ ይቆማል። «የሆነው ሆኗል፤ ከእንግዲህ ማን ያገባታል? ቆማ ከምትቀር ይስጡን» ይላል። አባት አንገቱን ደፍቶ ይሰጣል። ሰማንያ ይፈረማል። ወረቀቱ ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ይቀርባል፤ ፋይሉ ይዘጋል። ሕጉ የእሷን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። ግን ማን ጠየቃት? የት ተቀምጣ ነው የምትመልሰው? በዘጉባት ቤት ውስጥ? ያ አንቀጽ ለጠላፊው ማምለጫውን አብሮ ያስተማረ ሕግ ነው። ቶሎ ድፈራት፣ ቶሎ አግባት፣ ትድናለህ ይለዋል። ጠላፊዎች ልጅቷን በወሰዱበት ሌሊት ለምን እንደሚደፍሯት ከዚህ ይገባናል። ከዚያ ወዲያ አባትየው የሚከራከርበት ጉልበት እንደሚያጣ ያውቃሉ።

ያ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። የቆየው እስከ 1997 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ አለፉ፣ ደርግ አለፈ፣ አንቀጹ አላለፈም። ዛሬ በሽምግልና የሚቀመጡት አባቶች ያደጉትም፣ የዳሩትም፣ ያስታረቁትም በዚያ ሕግ ሥር ነው። «ካገባት ይቀራል» ሲሉ ሊያታልሉዎት ፈልገው ላይሆን ይችላል። የሚያውቁት ሕግ እሱ ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ ታሪክ ልምጣ። ሰምተዋል ያሉት ነገር እውነት ነው።

በ1989 ዓ.ም. አርሲ ውስጥ ነው። የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፈረሰኞች ከበው ወሰዷት። ጎጆ ውስጥ ዘጉባት፤ ጠላፊው ደፈራት። ሾልካ ስታመልጥ የራሱን ጠመንጃ ይዛ ወጣች። ተከታትለው ሲደርሱባት ተኮሰች፤ ሰውዬው ሞተ። እሷ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ጥብቅና የቆመላት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት። ክርክሩ ሁለት ዓመት ያህል ፈጀ። በመጨረሻ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነጻ ተሰናበተች። ወደ መንደሯ ተመልሳ በሰላም መኖር ግን አልቻለችም። ርቃ ኖረች።

ያ ጉዳይ አገሩን ለምን እንዳናወጠ ላስረዳዎት። ጠለፋ አዲስ ነገር አልነበረም። በየቀኑ የሚሆን፣ በየሰርጉ የሚጨፈርበት ነገር ነበር። አዲሱ ነገር የልጅቷ እምቢታ ነው። ሕጉ ለጠላፊው መውጫ አዘጋጅቶለት ሳለ እሷ በነፍስ ግድያ ስትከሰስ፣ ነገሩ ፊት ለፊት ወጣ። ሰው መጠየቅ ጀመረ። ይቺ ልጅ ሌላ ምን ምርጫ ነበራት? ባታመልጥ ኖሮ ማን ይደርስላት ነበር? ፖሊስ? ዳኛ? ሽማግሌ? ከሦስቱ አንዱ እንኳ «እኔ እደርስላት ነበር» ብሎ አፉን ሞልቶ መናገር አልቻለም።

ሆኖም «እሷ ገድላ ሕጉ ተቀየረ» የሚለው ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ብዙ ሰው የማያወራው ረጅም ሥራ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎች ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንደሚመሠረት ተጽፎ ነበር። አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶችን ከሚጎዱ ልማዶች የማላቀቅ ግዴታን በመንግሥት ላይ ጣለ። ከዚያ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ወጣ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 የነበረውን የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 አደረገው። የእኛም ክልል በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79 አወጣ፤ በእሱም 18 ነው። የሴቶች ማኅበራት ጮኹ፣ ተከራከሩ፣ የፍርድ ቤት ፋይል እያነሱ አሳዩ። በመጨረሻ አዲሱ የወንጀል ሕግ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። መግቢያው ራሱ የድሮው ሕግ በሴቶችና በሕፃናት ላይ ጉዳት ለሚያደርሱ ልማዳዊ ድርጊቶች በቂ ትኩረት እንዳልሰጠ ያነሳል። ከአርሲው ጉዳይ እስከዚያ ስምንት ዓመት ነው። በእነዚያ ስምንት ዓመታት ስንት ልጅ «ካገባት ይቀራል» ተብላ እንደተሰጠች ሳስበው ያንገበግበኛል።

ይህ መንገድ የእኛ ብቻ አይደለም። ጣሊያን ውስጥ ሲሲሊ ደሴት ላይ አልካሞ የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1965 በገና ሰሞን ፍራንካ ቪዮላ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ የታጠቁ ሰዎች ይዘው ቤቷ ገብተው ወሰዷት። ጠላፊው ቀድሞ እጮኛዋ የነበረ፣ ከማፊያ ቤተሰብ ጋር የተዛመደ ሰው ነው። ከአንድ ሳምንት በላይ ዘግቶ አቆያት፣ ደፈራት። የጣሊያንም ሕግ እንደኛው ነበር። አንቀጽ 544 ደፋሪው ካገባት ወንጀሉ ይሰረዛል ይላል። ሽማግሌው መጣ፣ እርቁ ተሰናዳ። አባቷ የተስማማ መስሎ ከፖሊስ ጋር ተነጋገረ፤ ሰዎቹም ተያዙ። ልጅቷ «አላገባውም» አለች። አገር ጉድ አለ። የአባትየውን የወይን ተክልና ጎተራ አቃጠሉበት። አልተመለሰም። ጠላፊው 11 ዓመት ተፈረደበት። እሷ በኋላ የወደዳትን ሰው አገባች። አንቀጽ 544 ግን የተሰረዘው በ1981 ነው። ከጠለፋው 16 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ሞሮኮ ውስጥ ደግሞ በ2012 የ16 ዓመት ልጅ የደፈራትን ሰው እንድታገባ ከተደረገች በኋላ የአይጥ መርዝ ጠጥታ ሞተች። ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ያን ያስቻለው የአንቀጽ 475 ክፍል በ2014 ተሰረዘ። ግብፅ ቀደም ብላ በ1999፣ ዮርዳኖስ፣ ሊባኖስና ቱኒዚያ በ2017 ተመሳሳይ አንቀጾቻቸውን አንስተዋል። እነዚህን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው የጻፍኳቸው።

እንግዲህ «በአንድ ወንጀል ሕግ ይቀየራል ወይ» ላሉኝ እንዲህ እላለሁ። ወንጀሉ ብቻውን ምንም አይቀይርም። የጠለፋ ወንጀል በየዘመኑ ነበር፤ ሕጉ ግን ቆሞ ነበር። ሕግ የሚንቀሳቀሰው አንድ ሰው እርቁን እምቢ ሲል ነው። አርሲ ላይ ልጅቷ፣ አልካሞ ላይ ልጅቷና አባቷ። እምቢ ያለ ሰው ፋይሉ እንዳይዘጋ ያደርጋል። ፋይሉ ካልተዘጋ ዳኛ ፊት ይቀርባል፣ ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ሕግ አውጪው ጆሮ ይደርሳል። የታረቀ ፋይል ግን የትም አይደርስም። የእርስዎም ተማሪ ጉዳይ አሁን ያለው እዚያ መገንጠያ ላይ ነው።

የአልካሞውን አባት ደጋግመው ያስቡት። የተማሪዎ አባት ደካማ ወይም ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም የታረቀው። ነገ ጎተራው ቢቃጠል፣ ከብቱ ቢነዳ፣ ወንድ ልጁ መንገድ ላይ ቢመታ ማን ይደርስለታል? ጠላፊው ወንድሞችና አጎቶች ካሉት፣ ጠመንጃ ካለው፣ አባትየው የሚያመዛዝነው ሕጉን አይደለም። የልጆቹን ነፍስ ነው። ስለዚህ ሲያገኙት አይውቀሱት። ብቻውን እንዳልሆነ ያሳዩት። አንድ ቄስ፣ አንድ የተከበረ ሽማግሌና አንድ መምህር አብረው ደጁ ቢቆሙ ነገሩ ይለወጣል።

እዚህ ላይ ስለ ሽምግልና የማምንበትን ልናገር። ይህን የምለው እዚሁ ጎጃም ተወልጄ፣ በዐቃቤ ሕግነት ሠርቼ፣ አሁን ጥብቅና የቆምኩ ሰው ሆኜ ነው። ሽምግልናን የሚንቅ ሰው አገሩን አያውቅም። በደም ጉዳይ የሽማግሌ ውለታ ትልቅ ነው። አንድ ሰው ከተገደለ ባለደሙ ወገን ካልመለሰ «ወንድ አይደለም» ይባላል። ገዳዩ በረሃ ይወርዳል፤ ወንድሙ ይገደላል፤ የአጎቱ ልጅ ይከተላል። ቄሶች መስቀል ይዘው፣ ሽማግሎች መሃል ገብተው ደሙን ባያደርቁ ኖሮ ስንቱ ቤት ይዘጋ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ገዳዩን ቢያሳስር እንኳ የሁለቱን ወገን ቂም የሚያወርደው ሽማግሌ ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ግን በደም እርቅ ውስጥ ሁለቱም ወገን ቁጭ ይላል። ገዳይና ባለደም ፊት ለፊት ይተያያሉ። ካሳው ከአንዱ ወጥቶ ለሌላው ይደርሳል። በጠለፋ እርቅ ግን ማን ነው የተቀመጠው? የጠላፊው አባትና የልጅቷ አባት። የተበደለችው እዚያ የለችም። ካሳውን አባቷ ይቀበላል፤ ጥሎሹን ቤተሰቧ ይቀበላል፤ እሷ ግን የደፈራት ሰው ቤት ትገባለች። የሁለት ቤተሰብ ቂም የሚወርደው በእሷ ገላ ነው። ይህን እርቅ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ሽማግሎቹን ስታገኙ ይህንኑ ጠይቋቸው። «እሷን ብቻዋን አስቀምጣችሁ፣ ጠላፊው በሌለበት፣ ጠይቃችኋታል?» ብዬ በጠየቅኩባቸው ጊዜያት ዝም ያሉ፣ ከዚያም ሐሳባቸውን የለወጡ አባቶች አውቃለሁ። እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ናቸው።

ድሮ አገራችን አውጫጭኝ የሚባል ነገር ነበራት። ወንጀል ሲፈጸም መንደሩ በሙሉ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ብዙ ችግር ነበረበት፤ ይመለስ አልልም። የመንደሩ ስብሰባ ግን በዚያን ጊዜ ወንጀሉን ለማውጣት ነበር። አሁን በጠለፋ ጊዜ የምንሰበሰበው ለመሸፈን ነው። ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ ፋይል የሚሞትብኝ በሕግ ጉድለት አልነበረም። ቀኑ ሲደርስ ምስክሩ «አላየሁም» ይላል። እናትየዋ «ልጄ በፈቃዷ ነው የሄደችው» ትላለች። ልጅቷ ራሷ ከጠላፊዋ ጋር አብራ መጥታ አንገቷን ደፍታ «አልከስም» ትላለች። አዲሱ ሕግ ይህን ሁሉ አይቶ ነው በግል አቤቱታ ብቻ የሚታይ ወንጀል ያላደረገው። የእሷ «አልከስም» ማለት ዐቃቤ ሕጉን አያስቆመውም። የሚያስቆመው የማስረጃ መጥፋት ነው።

ስለ ጎጃም አንድ ነገር ልጨምር። ጠለፋ በእኛ አካባቢ ከደቡብና ከኦሮሚያ አንዳንድ ቦታዎች ያነሰ ነው የሚባለው ልክ ነው። የእኛ ትልቁ ቁስል ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉ የአማራ ክልል ሴቶች ግማሾቹ 14.7 ዓመት ሳይሞላቸው ተድረዋል። ጠለፋና ያለ ዕድሜ ጋብቻ እርስ በርስ ይመጋገባሉ። አባት «ከመጠለፏ በፊት ልዳራት» ይላል። ጠላፊው «ሊድሯት ነው» ብሎ ይቀድማል። በ1997 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የፊስቱላ ማዕከል የተከፈተው ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል። አካሏ ሳይጠነክር አርግዛ፣ ምጡ ቀናት ፈጅቶባት፣ ሽንቷን መቆጣጠር አቅቷት ከባሏ ቤት የተመለሰች ልጅ ያላየ መንደር ጥቂት ነው።

ግን የሚለወጥ ነገር ነው። በምዕራብ ጎጃም ይልማና ዴንሳ ወረዳ ሞሰቦ የምትባል ቀበሌ አለች። በ1996 ዓ.ም. ብርሃነ ሔዋን የሚባል ፕሮግራም እዚያ ተጀመረ። ልጆቹን በቡድን እያሰባሰቡ ማስተማር፣ ደብተርና እስክሪብቶ መስጠት፣ ከወላጅና ከመንደሩ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነበር ሥራው። ልጁን ሳይድር ሁለት ዓመት ላቆየ ቤተሰብ ፍየል ወይም በግ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ በተደረገው ጥናት ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች የመዳር ዕድላቸው በጣም ወርዶ ተገኘ። ያን ጊዜ አዲሱ የወንጀል ሕግ ገና ሥራ ላይ እየዋለ ነበር። ሞሰቦ ላይ ለውጡን ያመጣው የእስር ፍራቻ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ልጅ ይዞ መቆየት ለአባትየው የሚቻል ነገር ስለሆነለት ነው።

ይህን የማነሳው በ2016 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተሰማው ነገር በሁላችንም ልብ ስላለ ነው። የ7 ዓመት ሕፃን ተደፍራ ተገድላ፣ ወንጀለኛው 25 ዓመት ሲፈረድበት፣ አገር በቁጣ ተነሳ። «ሕጉ ላልቷል፣ ይጥበቅ» የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ወጣ። ቁጣው የኔም ቁጣ ነው። ስለ ቅጣቱ መጠን መከራከርም ተገቢ ነው። ግን በዚያው ሰሞን በየገጠሩ ስንት የጠለፋ ፋይል «ታርቀዋል» ተብሎ ተዘጋ? ለሕፃኗ ያለቀሰው ሕዝብ ለጎረቤቱ ልጅ ምስክርነት ቢቆም፣ ያለውም ሕግ ብዙ ይሠራ ነበር።

አሁን ወደ እርስዎ ልመለስ። «ዘመዷ አይደለሁም» ብለዋል። አያስፈልግም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 11 ወንጀል ሲፈጸም ያየም ሆነ ያላየ ማንኛውም ሰው ማመልከት ይችላል ይላል። አቤቱታዎን በጽሑፍ ያድርጉት። በቃል የተነገረ ነገር «ማን ነገረኝ» ሊባል ይችላል። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የት ተዘግታ እንደነበር፣ እነማን እንደወሰዷት የሚያውቁትን ብቻ ይጻፉ። ለወረዳው ፖሊስ ሴቶችና ሕፃናት ክፍል ይስጡ፤ አንድ ኮፒ ለወረዳው ዐቃቤ ሕግ፣ አንድ ኮፒ ለሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት። የተቀበሉበትን ፊርማና ማኅተም ኮፒዎ ላይ ያስደርጉ። «ታርቀዋል» ካሏችሁ አንቀጽ 587ን ስም ጠርታችሁ አንሱ። ዐቃቤ ሕግ አልከስም ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

«በፈቃዷ ነው የሄደችው» የሚለው መከራከሪያ ይመጣል፤ ተዘጋጁበት። ሁለት አዋቂዎች ተስማምተው ከቤተሰብ ቢኮበልሉ ጠለፋ አይደለም። የጥሎሽ ወጪ የከበዳቸው ወጣቶች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሕጉም አይነካቸውም። ይቺ ግን 15 ዓመቷ ነው። ከ13 ዓመት በላይና ከ18 በታች ከሆነች ልጅ ጋር የሚደረግ ግንኙነት በስምምነት ነው ቢባል እንኳ በአንቀጽ 626 ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። በኃይል ከሆነ በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ሰርጉ ከተደረገ ደግሞ አንቀጽ 648 አለ፤ 13 ዓመት የሞላትን ልጅ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች የሆነችውን ያገባ እስከ 7 ዓመት ይታሰራል። አብሮ የጠለፈ፣ ቤቱን ለመደበቂያ የሰጠም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ይህን ለሽማግሎቹ በትሕትና ንገሯቸው። ብዙዎቹ አያውቁትም። ጠላፊው ከልቡ ከተጸጸተና ካሳ ከከፈለ ዳኛው ቅጣት ሲያቀል ሊያየው ይችላል። እርቁ የሚጠቅመው እዚያ ላይ ነው፤ ክሱን ለመዝጋት አይደለም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሐኪም። ከተደፈረች 72 ሰዓት ካላለፈ ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት ይሰጣታል። እርግዝና የሚከላከለው እስከ አምስት ቀን ይሠራል። ጊዜው አልፎም ቢሆን ትሂድ፤ የሐኪሙ ወረቀት ማስረጃ ነው፣ ሕክምናውም ያስፈልጋታል። የለበሰችውን ልብስ ካገኛችሁት አይታጠብ፤ በፌስታል ሳይሆን በወረቀት ይጠቅለል። ካረገዘች ሕጉ በአንቀጽ 551 ከመድፈር የመጣን ጽንስ በሕክምና ማቋረጥ ይፈቅዳል፤ መደፈሯን ራሷ መናገሯ በቂ ነው። ውሳኔው የእሷ ነው። ምርጫ እንዳላት ግን አንድ ሴት መምህር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ብቻዋን ይዛ ትንገራት።

ልጅቷ አሁን ጠላፊው ቤት ካለች መጀመሪያ ከዚያ ትውጣ። የምታርፍበት ቤት እሱ የማይደርስበት፣ እሷ የምታምነው ዘመድ ቢሆን ይመረጣል። ፍርድ ቤት ስትቀርብ ችሎቱ በዝግ እንዲሆን፣ ፊት ለፊት እንዳይታዩም ዐቃቤ ሕጉ እንዲጠይቅ አሳስቡ።

ዕድሜዋ የጉዳዩ ምሰሶ ነው። ተከላካዩ «18 ሞልቷታል» ማለቱ አይቀርም። የክርስትና ወረቀት ካለ ፈልጉ፤ የልደት ምዝገባ ካለ ከቀበሌ አውጡ። የመጀመሪያ ክፍል ስትገባ የተሞላው የመመዝገቢያ ቅጽ ግን እርስዎ ትምህርት ቤት ነው ያለው። ክርክር ሳይነሳ የተጻፈ ስለሆነ ዳኛ ፊት ክብደት አለው። ርዕሰ መምህሩን ዛሬውኑ አነጋግረው ቅጹን በማኅተም ያስመስክሩ። በዚያው ስሟን ከስም መጥሪያው እንዳይሰርዙት ይንገሯቸው፤ የቀረችበት ምክንያት ታውቋል። ከቅጹ ሁለት ኮፒ ያንሱ፤ አንዱን ለዐቃቤ ሕጉ ይስጡ፣ አንዱን እርስዎ ያስቀምጡ።